ሙሉ አድራሻ

በምሠራበት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚላት ነገር አለች፦ «ማሽኑ ያውቃል።» የደም ውጤት በሰዓቱ ታትሞ ሲወጣ «ማሽኑ ያውቃል»፤ የታካሚው ዕድሜና ጾታ ሳይዛነፍ በወረቀቱ ራስጌ ላይ ሲቀመጥ «ማሽኑ ያውቃል»። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ማሽን ምን ያውቃል? ማሽን ያሉትን ብቻ የሚያደርግ ደንቆሮ ነው። የሚያውቀውን ሁሉ ያሳወቅሁት እኔ ነኝ፣ ከእነሱ ሁለት በር አልፎ፣ መስኮቷ ወደ መኪና ማቆሚያው በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የደም መመርመሪያዎቹ ያነበቡትን ቁጥር ወደ ሰርቨሩ፣ ወደ ዋናው ኮምፒውተር፣ ይልካሉ። ያንን ቁጥር ሰብስቦ፣ ከታካሚው ስም ጋር አገናኝቶ፣ ሐኪም የሚያነበው ወረቀት አድርጎ የሚያትመውን ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስክሪፕቱ የተቀመጠው በእኔ ፎልደር ውስጥ ነበር፤ የፎልደሩ ስም ደግሞ የእኔ ሙሉ ስም ነው፣ ከነአባቴ። ስለዚህ ባለሙያዎቹ አንድ ውጤት ለማተም ጥቁሩ ስክሪን ላይ አድራሻውን በሙሉ መጻፍ ነበረባቸው፦ ስላሽ የምትባለዋ ዘንበል ያለች ጭረት፣ የተጠቃሚዎች ፎልደር፣ ስላሽ፣ የእኔ ስም ከነአባቴ፣ ስላሽ፣ የስክሪፕቶቹ ፎልደር፣ ስላሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው «ውጤት» የሚለው የስክሪፕቱ ስም የሚመጣው። አንዲት ፊደል ከተዛነፈች ማሽኑ «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ይላል።

የላቦራቶሪው አንጋፋ ባለሙያ እትዬ መነጽር ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ሲፈልጉ ስለሚውሉ ነው። አንድ ቀን እጄን ይዘው ወደ ኪቦርዱ ጎተቱኝ።

«ልጄ፣ እኔ ከጨቅላ ክንድ ላይ ደም ሥር አጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ይሄ ስላሽ የምትሉት ነገር ግን ወደ ቀኝ ይዝመም ወደ ግራ ይዝመም ሳላውቅ ጡረታ ልወጣ ነው። አባትሽንስ ምነው አጠር ያለ ስም ቢያወጡላቸው ኖሮ?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም በዚያው ቀን ፓዝ የሚባለውን አስተካከልኩላቸው። ፓዝ ማለት የፎልደሮች ዝርዝር ነው፤ አንድ ሰው አድራሻ ሳይጠቅስ ትእዛዝ ሲጽፍ ማሽኑ የት የት ሄዶ እንደሚፈልግ በተራ የሚነግረው። ልጅን «መቀስ አምጣ» እንደ ማለት ነው። ልጁ መጀመሪያ የላይኛውን መሳቢያ ይከፍታል፤ ከሌለ ሁለተኛውን፣ ከሌለ ሦስተኛውን። ፊት ያገኘውን መቀስ ይዞ ይመጣል። የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ከታችኛው መሳቢያ የተሻለ ይኑር አይኑርም አያይም። እኔም ፎልደሬን በሁሉም ሰው ፓዝ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ወዲያ በላቦራቶሪው አምስቱም ክፍሎች «ውጤት» ብሎ ጽፎ የናሙናውን ቁጥር መስጠትና ኢንተር መጫን ብቻ በቂ ሆነ።

እትዬ መነጽር ጉንጬን ሳሙኝ። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ፤ ከርመውም ረሱት። ከዚያ በኋላ የተቀጠሩትማ ነገሩን ሰው እንደሠራው እንኳ አልሰሙም። ስሜን መጻፍ ሲተዉ መጥራቱንም ተዉት። እውነቱን ለመናገር ያኔ አልከፋኝም። የሰው ሥራ ሲቀልለት ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ፤ ጅል ነኝ ማለት ነው።

ታናሽ ወንድሜ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው በእኔ የኮምፒውተር ክፍል ይሠራል። ማሙሽ ነው የምለው፤ ጢም አውጥቶም ሚስት አግብቶም ለእኔ ማሙሽ ነው። እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር። አክስታችን ቤት አብረን አደግን፤ እኔ ሥራ ስይዝ ይዤው ወጣሁ፣ አስተማርኩት። በሕይወቱ የመጀመሪያዋን ትእዛዝ የጻፈው በእኔ ኪቦርድ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ ክፍላችን ሰው ይፈልግ ነበርና የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ዘንድ ገብቼ «ወንድሜ ስለሆነ አይደለም፣ ጎበዝ ነው» አልኩ። ጎበዝም ነው። ምላሱ ደግሞ ከእሱም የባሰ ጎበዝ ነው። «ደህና ዋላችሁ» ለማለት እንኳ ፕሮጀክተር ስለሚያበራ ባለሙያዎቹ አቶ ስላይድ ይሉታል። ምሳ እኔ ቋጥሬ የመጣሁትን ለሁለት ከፍለን፣ በመኪና ማቆሚያው አጥር ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እንበላ ነበር። ሰው ሁሉ «እንደ እናንተ ያለ እህትና ወንድም አላየንም» ይለን ነበር።

የክፍላችን ኃላፊ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በተጠባባቂነት የምሠራው እኔ ነበርኩ። ተጠባባቂ ማለት ሥራው ያንቺ፣ ወንበሩ የሌላ ሰው ማለት ነው። ለቋሚው ቦታ ማስታወቂያ ሲወጣ አመለከትኩ። ያቺን ወንበር እፈልጋት ነበር፤ አልደብቅም። አንድ ጊዜ እንኳ፣ አንድ ሰው ሰው ፊት ቆሞ «ይህን የሠራችው እሷ ናት» እንዲልልኝ እፈልግ ነበር።

ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ዳይሬክተሩ የማይነኩትን ሻይ ፊታቸው አስቀምጠው ማመልከቻዬን ገለጡ።

«መቼም ትጉህ ሠራተኛ ነዎት፤ ይህን ማንም አይክድም» አሉ። «ግን ሠራሁ የሚሉት ነገር አይታይም። የላቦራቶሪው ነገር እንደሆነ በራሱ ነው የሚሄደው።»

«በራሱ?»

«ባለሙያዎቹ እኮ ናቸው የሚሉት። ማሽኑ ያውቃል ይላሉ።»

እጄ አመድ አፋሽ ነው። ጊዜው አለቀና አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ተወዳዳሪ ተቀምጧል። ማሙሽ ነው። ክራቫት አስሯል፤ ለምርቃቱ የገዛሁለትን ክራቫት።

«እታለም፣ ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«መቼ? ከተሾምክ በኋላ?»

«ሁለታችንም ብንወዳደር ምን አለበት? ባዕድ ከሚይዘው አይሻልም?»

ክራቫቱ ተጣምሞ ነበር። አቃናሁለት። ምን ላድርግ፣ የእናቴ ልጅ ነው። ምሳዬን ግን ያን ቀን ብቻዬን በላሁ።

ዳይሬክተሩ ለእሱም የሚታይ ሥራ እንዲያሳያቸው ነግረውት ነበር። በዚያ ሰሞን እኔ አዲስ ሰርቨር ለመትከል ወደ ሌላኛው ሕንፃ ተልኬያለሁ። ማሙሽ የእኔን ስክሪፕት ወሰደና አሳመረው፦ የሆስፒታሉ ዓርማ በቀለም፣ ከልኩ ያለፈ ውጤት በቀይ፣ ከግርጌው ደግሞ «ያዘጋጀው» ከሚል ቃል ጋር የራሱ ስም። ከውስጡ ምን እንደምትሠራ ያልገባችውን አንዲት መስመር «ትርፍ ናት» ብሎ ቆረጣት። ለአዲሱም «ውጤት» የሚለውን ያንኑ ስም ሰጠው። በራሱ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠና ያንን ፎልደር በሁሉም ሰው ፓዝ ላይ ከእኔ ፊት አስገባው። በላይኛው መሳቢያ ሌላ መቀስ አኖረ ማለት ነው። ለማንም አልተናገረም። ሰዉ እንደ ወትሮው «ውጤት» ብሎ ሲጽፍ ባለቀለም ወረቀት ወጣለት። «ማሽኑ አማረበት» ተባለ።

ያቺ የተቆረጠችው መስመር ትርፍ አልነበረችም። ደም ሲቀዳ ከተንገላታ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዱና ፖታሲየሙ ያለቅጥ ከፍ ብሎ ይነበባል። እንዲህ ሲሆን የእኛ ባለሙያዎች ሌላ ደም ቀድተው በዚያው በመጀመሪያው ቁጥር ደግመው ይመረምራሉ። ሌላ ቦታ አዲስ ቁጥር ይሰጡታል አሉ፤ እኛ ጋ ግን እትዬ መነጽር ያስለመዱት ልማድ ይህ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ አንድ ቁጥር ሁለት ውጤት ሊኖረው ይችላል፤ ትክክለኛው የኋለኛው ነው። መስመሯ ሥራዋ የኋለኛውን መምረጥ ነበር። እሷ ስትጠፋ ስክሪፕቱ ፊት ያገኘውን ማተም ጀመረ። ማሙሽ አንዲት ቃል ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው ግን የሰው ሕይወት ሲሆን አይለቀምም።

አንዲት ልብስ ሰፊ ለቀላል ቀዶ ሕክምና ተኝታ ነበር። የመጀመሪያው ናሙናዋ ተበላሸ። እትዬ መነጽር ራሳቸው ደግመው ቀዱላት፣ ውጤቷም ደህና ሆነ። የታተመው ግን የተበላሸው ነው፣ ያውም በቀይ። ሐኪሙ ቀዩን አይቶ ልቧ እንዳይቆም ብሎ ፖታሲየም የሚያወርድ መድኃኒት አዘዘላት። ያልበዛውን ሲያወርዱት የልቧ ምት ተዛባ። ከሞት አፋፍ ነው የመለሷት። ከሌላኛው ሕንፃ ተጠርቼ ስመጣ ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ቦርሳዋን በሁለት እጁ አቅፎ።

ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ምንድን ነው የጻፋችሁት?» ተብለው ሲጠየቁ ባለሙያዎቹ «እሷ ያስለመደችንን» አሉ። እውነታቸውን ነው። በእትዬ መነጽር ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ማሽኑን ጠየቅኩት። አንድ ሰው «ውጤት» ብሎ ሲጽፍ የሚሮጠው የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ ትእዛዝ አለ። ሙሉ አድራሻውን አወጣልኝ፦ ስላሽ፣ የተጠቃሚዎች ፎልደር፣ ስላሽ፣ የወንድሜ ስም ከነአባታችን። የአባታችን ስም አንድ ስለሆነ ዓይኔ መጀመሪያ የራሴን ያየ መስሎት ነበር።

ማሙሽን ደረጃው ሥር ጠራሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንተ ነህ?»

«አላወቅኩም እታለም። ትርፍ መስላኝ ነው። አፈር ልብላ፣ ትርፍ መስላኝ ነው።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ለምን እንዳልጠየቀኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ስማ፣ ነገ ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ፊት አንተው ራስህ ተናገር» አልኩት። «ወንድሟን ከሰሰች አልባል። ካንተ አፍ ይውጣ፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

«እናገራለሁ። በእናቴ እናገራለሁ።»

እናቱ እናቴ ስለሆነች አመንኩት።

ተናገረም። ፕሮጀክተሩን አብርቶ። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ የፎልደሮቹን ዝርዝር በሰማያዊ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ ችግሩን ከሥሩ አግኝቼዋለሁ» አለ። «እኛ ጋ ያለው አሠራር አድራሻው ያልተጠቀሰ ስክሪፕት በማንኛውም ሰው ኪቦርድ ላይ እንዲሮጥ የሚፈቅድ ነው። ማሽኑ ፊት ያገኘውን ያስኬዳል። ስለዚህ ገና በሙከራ ላይ ያለ ሥሪት ማንም ሳያውቅ ሊገባ ይችላል። የገባውም እንዲያ ነው።»

«ይህን አሠራር ያመጣው ማን ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

ማሙሽ ወደ እኔ አላየም። «እህቴ ናት። ለባለሙያዎቹ አዝና ነው እንጂ በክፋት አይደለም።»

አንዲት ውሸት አልተናገረም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ቢዋሽ ኖሮ ውሸታም ብዬ እገላገለው ነበር። ተነሳሁ።

«የሙከራ ሥሪት ያለው የማን ነው? ከእኔ ፊትስ ያስገባው ማን ነው? ይጠየቅ!»

«የእኔ ነው» አለ ማሙሽ፣ በተሰበረ ድምፅ። «አልካድኩም እኮ። በሩ ተከፍቶ ባይገኝ ግን አይገባም ነበር።»

ዳይሬክተሩ እጃቸውን አነሱ። «እባካችሁ፣ የቤታችሁን ጉዳይ ቤታችሁ ጨርሱት። እዚህ የምንነጋገረው ስለ አሠራር ነው።»

አለቀቅኩም። ኪቦርዱን ከማሙሽ ፊት ወሰድኩና የእኔን ስክሪፕት፣ ሙሉ አድራሻውን ከነስሜ ጽፌ፣ በልብስ ሰፊዋ ናሙና ቁጥር አስኬድኩት። ትክክለኛው ውጤት ግድግዳው ላይ ወጣ። «ይኸው» አልኩ። «የእኔ ይህ ነው። ድሮም ልክ ነበር፣ ዛሬም ልክ ነው።»

ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ፣ አገጫቸውን እያሻሹ አዩት። «ታዲያ እንዲህ አሁን እንደጻፉት ሁሉም ሰው ድሮውኑ ሙሉ አድራሻውን ቢጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበራ» አሉ።

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በራሴ ማስረጃ ራሴን አሰርኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

ውሳኔው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ። ፎልደሬ ከሁሉም ሰው ፓዝ ይውጣ፤ ባለሙያ ሁሉ ሙሉ አድራሻ ይጻፍ። የሙከራው ሥሪት ይጥፋና የቀድሞው ብቻ ይሥራ። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ «ችግሩን ከሥሩ ለይቶ በማቅረቡ» ማሙሽ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ በባሏ ክንድ ተደግፋ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከመስኮቴ አየኋት። ይቅርታ ማን እንደጠየቃት አላውቅም፤ እኔ ልጠይቃት ብወርድ መኪናው ሄዷል።

ከዚያ ወዲያ ስሜ ተጠራልኝ። በኮሪደሩ ሳልፍ ከአምስቱም ክፍል እሰማዋለሁ፤ ፊደል በፊደል እየቆጠሩ ይጽፉታል፣ ይሳሳታሉ፣ ማሽኑ «የለም» ይላቸዋል፣ እንደገና ይጀምራሉ። «ይቺ ሴትዮ ስሟ እንዴት ነው የማያልቀው!» ይላል አንዱ። «ስንት ሰው ነው የሚጠብቀኝ፣ ቆይ እኔ የእሷ ጸሐፊ ነኝ?» ትላለች ሌላዋ። እትዬ መነጽር ኪቦርዱን በአንድ ጣት እየወጉ «ምነው በሞትኩት» ይላሉ። ስሜን እንዲያነሱልኝ ስንት ዓመት ተመኘሁ፤ ይኸው አሁን ከእርግማን ጋር በየደቂቃው ይነሳል። አንዳንዶቹ እንዲያውም ያን ያህል ዓመት ያቀለልኩላቸው እኔ መሆኔን ሳያውቁ፣ ያከበድኩባቸው እኔ መሆኔን ግን ያውቃሉ።

ማሙሽ ይህን ሁሉ ሰማ። ከወራት በኋላ ሁላችንንም ናሙና መቀበያው ክፍል ሰበሰበ። ፕሮጀክተሩ በርቷል።

«ሥራ የሚያቀልላችሁ ነገር ይዤ መጥቻለሁ» አለ። «ስክሪፕቱን ከግለሰብ ፎልደር አውጥቼ ማንም ሊነካው ወደማይችል የጋራ ፎልደር አዛውሬዋለሁ። ያንን ፎልደር ብቻ በሁላችሁም ፓዝ ውስጥ አስገብቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አድራሻ የለም። “ውጤት” ብላችሁ ጻፉ፣ አለቀ።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ልክ ነው፤ መቀመጥ ያለበት እዚያ ነበር፣ አልክድም። እትዬ መነጽር ግን ተነሥተው፣ መነጽራቸው ከግንባራቸው እስኪወድቅ ድረስ ማሙሽን አቅፈው ሳሙት።

«እደግ ተመንደግ የኔ ልጅ! ከእህትህ ስም ገላገልከን!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ መነጽር ዞር ሲሉ እኔን አዩኝና ትከሻዬን ቸብ አደረጉ። «አንቺም አይክፋሽ ልጄ፣ ስለ ጣቴ ብዬ ነው።» ክፋት የላቸውም። እኔም ከሰዉ ጋር ሳቅኩ።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ አዲሱ ቦታ ያለውን ስክሪፕት ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኔው ነው፤ ቃል በቃል። ያቺ ድሮ የቆረጣት መስመርም ቦታዋ ላይ አለች፤ ተምሯል። አንዲት መስመር ብቻ ጎደለች፣ የመጀመሪያዋ፣ «ይህን የጻፈችው» ብላ ስሜን ከነአባቴ የምትጠራው። ለማሽኑ ሥራ አታስፈልግም፤ ብትኖርም ባትኖርም ውጤት ይታተማል። ፎልደሬን ልክፈት ብዬ ሙሉ አድራሻዬን ጻፍኩና ኢንተር ተጫንኩ። «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» አለኝ።

በሩ ተንኳኳ። ማሙሽ ነው፤ ራሱን አስገብቶ እንደ ልጅነቱ ከሥር ከሥር ያየኛል።

«እታለም፣ ምሳ አልበላንም እኮ። አግዳሚዋ ባዶ ናት፣ ነይ።»

የምሳ ዕቃውን ከነክዳኑ አንሥቼ አስታቀፍኩት። ከፈተውና አየው፤ የሁለት ሰው ነው፣ እጄ ለምዶ የቋጠረው።

«ያንቺስ ድርሻ?» አለኝ።

«ትርፍ ናት» አልኩትና በሩን ዘጋሁ።